ለዩኒየናችን ድረ ገጽ ዎርድፕረስ ይበቃል ወይስ ከዜሮ ይሠራ?

አስተናባሪው፣ ፍኖተ ሰላም፦
ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩን ላልሰማችሁ ባጭሩ። የገበሬዎች ዩኒየናችን በቆሎ፣ በርበሬና ማር የሚያስተዋውቅበት ድረ ገጽ ሊያሠራ ነው። ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ዎርድፕረስ በተባለ ዝግጁ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ይሠራ ይላል። ሌላው ለእኛ ተብሎ ኮዱ ከዜሮ ይጻፍ ይላል፤ የተጠየቀበት ዋጋ የመጀመሪያውን አምስት እጥፍ ነው። ገንዘቡ የአባላት ነው። ጉባኤው ሳይሰበሰብ እዚሁ እንሟገትበት። ስድብ የለም። ነገር መወርወር ይቻላል፣ ጎጃም ነን።

ባለሆቴሉ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እኔ ከዜሮ አሠርቼ አይቼዋለሁ። ክፍል ማስያዣው፣ ምስሉ፣ ሁሉም ለሆቴሌ ተብሎ የተጻፈ ነበር። ሲያምር! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሣና በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። እኔም የክፍል ዋጋ ላስተካክል አልኩ። የት ገብቼ? ዋጋው የተጻፈው ኮዱ ውስጥ ነው። የሠራው ልጅ ደግሞ አገር ለቋል፣ ስልኩ አይነሳም። እንግዳው የድሮውን ዋጋ ከስልኩ እያሳየ «ይኸው የራስህ ገጽ» ይለኛል። ሌላ ባለሙያ ባመጣ «የሰው ኮድ ከማነብ አዲስ ብሠራ ይቀለኛል» አለኝ። ዎርድፕረስ እንደ ባጃጅ ነው፤ ቢበላሽ ቡሬም ደንበጫም የሚጠግን አይጠፋም።

ኮደሩ፣ ባሕር ዳር፦
ጋሼ፣ የደረሰብዎት ያናድዳል። ግን ጥፋቱ የኮድ ሳይሆን የውል ነው። ዋጋው ባለቤቱ ራሱ በሚቀይርበት ቅጽ መቀመጥ ነበረበት። ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። ላራቬል ወይም ጃንጎ በሚባሉት የኮድ መሥሪያዎች በወጉ የተጻፈ ሥራ ደግሞ ሌላ ሰው ገብቶ ይረከበዋል።

ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ ለብሎግ ነበር። ዛሬ ሱቅም ምዝገባም የሚሆነው ፕለጊን፣ ማለትም ተቀጣይ ፕሮግራም፣ እየተጨመረበት ነው። ተጠለፈ ሲባል የምትሰሙትም በአብዛኛው በዋናው ሲስተም በኩል አይደለም፤ ሳይታደስ በቀረ ፕለጊን በኩል ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። የሚከፈልበትን ዲዛይን ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚታደለውን፣ ከየትም አውርዶ መጫን! ውስጡ ምን እንደተቀበረ ማን ያውቃል? የማር ገጻችሁ አንድ ቀን ጠዋት የቁማር ማስታወቂያ ሲያወጣ ማንን ልትከሱ ነው? ባጃጅ ካሉም ጋሼ፣ ባጃጅ 50 ኩንታል በቆሎ አይጭንም።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ ቡሬ፦
50 ኩንታሉን ማን ጫን አለህ? እስኪ ገጹ ምን እንደሚሠራ እንይ። ማን እንደሆንን ይናገራል። የሰሞኑን ዋጋ ያወጣል። ፎቶ ያሳያል፣ ስልክ ይሰጣል። በቃ። ዋጋው በየገበያው ይቀያየራል፤ የምቀይረው ደግሞ እኔ ነኝ። በስልኬ ገብቼ ቁጥር አጥፍቼ ቁጥር መጻፍ ካልቻልኩ ወርቅ ቢሆንም አልፈልገውም። ዎርድፕረስ ላይ ይህን ለመልመድ አንድ ከሰዓት ይበቃኛል።

ወጣቱ፣ ሞጣ፦
ሁለቱም ይቅርባችሁ። ቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፣ አለቀ።

ገዢው፣ አዲስ አበባ፦
ከቡሬ በርበሬ የምገዛ ነጋዴ ነኝ። ቴሌግራም ለሚያውቃችሁ ደንበኛ ጥሩ ነው። እኔ ግን ዛላ በርበሬ በጅምላ ስፈልግ መጀመሪያ የምጽፈው ጎግል ላይ ነው። ቻናላችሁን ካላወቅኩ በምን አገኛችኋለሁ? ገጹ ላይ የምፈልገው ዓይነቱን፣ ያለውን መጠን፣ ዋጋውንና የሚነሳ ስልክ ነው። በተለይ የሚነሳ ስልክ። በምን እንደተሠራማ ለእኔ ምኔም አይደለም።

መምህሩ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ዎርድፕረስ ለትልቅ ሥራ አይሆንም የሚለው ወሬ ይብቃ። በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከአሥሩ አራቱ ገደማ የቆሙት በእሱ ላይ ነው። የአሜሪካው ዋይት ሀውስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ገጹን ድሩፓል ከሚባል ተመሳሳይ ሲስተም ወደ ዎርድፕረስ አዛውሯል። አቅሙ አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ እስካሁን ማንም ያላነሳው ነው። «ማኅበር» ብላችሁ የጻፋችሁትን ሰው «ማህበር» ብሎ ቢፈልገው የገጹ መፈለጊያ ምንም የለም ይለዋል። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ቀኑንም እንደተጫነ የሚያወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜን አያውቅም። የዋጋ ዝርዝራችሁ ላይ የሰኔ ዋጋ በጁን ቢወጣ ገበሬው ምን ይጠቅመዋል? ሁለቱም ይስተካከላሉ። ትንሽ ኮድ ተጽፎ እንደ ፕለጊን ይገባል። ለዚህች ብሎ ሁሉን ከዜሮ መጻፍ ግን አይታየኝም።

ኮደሩ፣ ባሕር ዳር፦
መምህር፣ «ትንሽ ኮድ» ሲሉ እኮ የእኔን መንገድ ጀመሩት። ዛሬ የቀን አቆጣጠር፣ ነገ ፊደል፣ ከነገ ወዲያ የአባላት መዝገብ። ማን ስንት ኩንታል አስገባ፣ ስንት ዕጣ አለው፣ ከትርፍ ክፍፍሉ ስንት ደረሰው። ይህን ሁሉ ፕለጊን በፕለጊን ላይ እየደረባችሁ ልትሠሩት ነው? ዋናው ሲስተም በታደሰ ቁጥር አንዱ ይበላሻል። እሱን በመፍራት ማደስ ይቆማል። ያልታደሰ ዎርድፕረስ ደግሞ ለሌባ የተመቸ ነው። መዝገቡ የሚገባ ከሆነ ከዜሮ ይሠራ፤ ከዚህ ነቅነቅ አልልም።

የቦርድ አባሉ፣ ደንበጫ፦
ቆይ እስኪ ወንድም ዓለም። የአባላት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ይውጣ ያለው ማነው? እኔ ገበሬ ነኝ። ስሜን፣ ስልኬን፣ ስንት ብር እንደደረሰኝ ሰርቨር የምትሉት የማላውቀው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣችሁ ማን ሊያየው ነው? በዚህ ጊዜ የሰው ገንዘብ መታወቁ ቀልድ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። ልጄ አንብባ አስረድታኛለች። የሰው መረጃ የያዘ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከዩኒየኑ ይህን የሚችል ማነው? ስሙን ንገሩኝ።

ደግሞ በ2015 ክረምት መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ስንት ወር ተቀመጥን? ገበሬው በቆሎውን ማስረከብ አላቆመም። የመዘገበልን ወረቀት ነው።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ ቡሬ፦
አያ እውነታቸውን ነው። ያኔ መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ቢሆን ኖሮ ገበሬው ቢሮዬ በር ላይ ተሰልፎ እኔ ምን ልለው ነበር? መዝገቡ ቢሮ ይቆይ። ለእሱ ሶፍትዌር ካስፈለገ ሌላ አጀንዳ፣ ሌላ በጀት ነው። እኔ የዋጋ ማቅረቢያውን አንብቤዋለሁ። አምስት እጥፍ ያደረገው ገጹ አይደለም፤ ከገጹ ጋር የተቋጠረው መዝገብ ነው። ይህን ማንም አላስረዳንም።

ኮደሩ፣ ባሕር ዳር፦
እሺ፣ መዝገቡ ከወጣ የቀረው ገጽ በዎርድፕረስ ቢሠራ አልሟገትም። ግን ርካሽ ነው ብላችሁ የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ አትዩ። ሆስቲንግ፣ ማለትም የገጹ ማስቀመጫ ኪራይ፣ በየዓመቱ ይከፈላል፤ የውጭ ከሆነ በዶላር። ማደስና ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) መያዝ ቋሚ ሰው ይፈልጋል። ባክአፑም እዚያው ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ የለም ማለት ነው። ይህ በውሉ ካልገባ ጋሼን ያገኛቸው እናንተንም ያገኛችኋል፣ ዎርድፕረስ ሆነም አልሆነም።

ባለሆቴሉ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ተስማማን በለኛ!

ኮደሩ፣ ባሕር ዳር፦
አልተስማማንም። ገጹ ላይ በቴሌብር ክፍያ እንቀበል ያላችሁ ቀን ትፈልጉኛላችሁ።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ ቡሬ፦
የጅምላ ገዢ የሚከፍለው በባንክ ነው። አንፈልግህም፣ ግን ቡና እንጋብዝሃለን።

የቦርድ አባሉ፣ ደንበጫ፦
አንድ ነገር ቀርቷል። ዶሜይን የምትሉት አድራሻ በሠሪው ስም ሊመዘገብ ይችላል ይባላል። እውነት ነው?

መምህሩ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እውነት ነው፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሠሪው «እኔ ልጨርስላችሁ» ብሎ በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል። የተጣላችሁ ቀን ስማችሁን ይዞት ይሄዳል። ዶት ኢቲ የሚለው አድራሻ የሚሰጠው በኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ዩኒየኑ ራሱ ሄዶ በራሱ ስም ያውጣው። የሆስቲንጉ ፓስዎርድና የዋናው አድሚን (የገጹ አስተዳዳሪ) መግቢያም በሊቀመንበሩና በሂሳብ ክፍሉ እጅ ይሁን። ለሠሪው ለሥራው የሚበቃውን ያህል ፈቃድ ስጡት፣ ሲጨርስ ዝጉት።

አስተናባሪው፣ ፍኖተ ሰላም፦
ሦስት ነገር ለጉባኤው አቀርባለሁ፦ ገጹ በዎርድፕረስ፣ መዝገቡ ለብቻው፣ የእድሳት ውል ከነክፍያው። የዶሜይኑን ጉዳይ ከውሉ ጋር አያይዘዋለሁ።

የቦርድ አባሉ፣ ደንበጫ፦
አታያይዘው፣ መጀመሪያ አድርገው። አድራሻው በዩኒየኑ ስም መውጣቱን በወረቀት ሳላይ እጄን አላወጣም።