ጥንቸል የአጥር ችግኞቼን ልጣቸውን ልጣ ጨረሰች፣ ምን ይሻለኛል?

ባለ15 ችግኝ፦
ሰላም ወገኖች። ያለሁት ሚኒሶታ ነው። አምና ከጎረቤት ይከልለናል ብለን 15 የላይላክ (አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ) ችግኝ ደርድረን ተከልን፤ ሰመሩን ሙሉ ውሃ ሳመላልስ ከረምኩ። ሰሞኑን በረዶው ቀለጥ ቀለጥ ሲል ወጥቼ ባይ የዘጠኙ ልጥ ከጉልበት በታች ተልጦ ነጩ እንጨት ፈጧል። ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ደግሞ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ባለቤቴ አጋዘን ነው ትላለች፣ እኔ ጥንቸል ነው ባይ ነኝ። በርበሬም ነስንሼ ነበር፤ በማግስቱ በረዶ ጣለበትና ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ በከንቱ ቀረ። ይተርፋሉ ወይስ ነቅዬ ልጣል?

የጓሮ ሰው፦
እንዳትነቅል! ጥንቸል ናት፣ ባለቤትህ ይቅር ይበሉኝ። አጋዘን ላይኛው የፊት ጥርስ ስለሌላት ጎትታ ነው የምትበጥሰው፣ ጫፉ ይተለተላል። ጥንቸል ግን ሰያፍ አድርጋ ነው የምትቆርጠው። ሥሩ አካባቢ ክብ ክብ በጠጥ ፈልግ።
ልጡ ዙሪያውን ከተላጠ ከቁስሉ በላይ ያለው አይድንም። በአንድ ጎን ከቀረለት ተወው፣ ይታገላል። ላይላክ መሆኑ በጀህ፤ ከቁስሉ በታች ብትቆርጠው ከሥሩ ያቆጠቁጣል። አርቦርቫይቴ (ጥድ የሚመስለው የአጥር ዛፍ) ቢሆን ኖሮ ቅጠል ካለቀበት እንጨት ላይ መልሶ ስለማያበቅል ለቅሶ ነበር።

እቴ ጓሮ፦
ወንድሜ፣ ከሽቦ ሌላ ያለው ሁሉ ድካም ነው። የሚረጨውም ቢሆን ዝናብ በመጣ ቁጥር እንደገና ነው። የዶሮ ሽቦ ግዛ፣ ቀዳዳው ከ1 ኢንች እንዳይበልጥ። እኔ መጀመሪያ 2 ፉት ብቻ አቆምኩና በረዶው ሲከመር ጥንቸሏ በላዩ ቆማ እንደ ጠረጴዛ በላችበት! ከሚጠበቀው በረዶ በላይ 2 ፉት ያህል ይትረፍ፣ ግርጌውን 2 ወይም 3 ኢንች ቅበረው፣ ከግንዱም ስንዝር ያህል አርቀው፣ አለበለዚያ በሽቦው ቀዳዳ ትግጠዋለች።

ባለ15 ችግኝ፦
ለየብቻ ልክበባቸው ወይስ ሁሉንም ባንድ ላይ?

እቴ ጓሮ፦
የተደረደሩ ከሆኑ ባንድ ላይ ይቀላል፣ ግን አንድ ቦታ ከሾለከች ሁሉም ገበታዋ ነው። እኔ ለየብቻ ነው ያደረግኩት።

ስደተኛው ገበሬ፦
አገር ቤት ቢሆን ቅንጭብ ተክለን እንገላገል ነበር፣ ወተቱን ፈርታ ፍየል እንኳ አትነካውም። የሚኒሶታ ክረምት ግን አንድ ሌሊትም አያሳድረው።

ባለ15 ችግኝ፦
ወጥቼ አየሁ። ከዘጠኙ ስድስቱ ዙሪያቸውን ተልጠዋል፣ ቅዳሜ መቀስ ይዤ እወጣለሁ። በጠጡንም አገኘሁ፣ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «የአጋዘን ግልገል ይሆናል» አለች።