ሦስተኛ ዓመታችንን ሳትጠረጥር ላክብርላት፤ ሐሳብ ስጡኝ

ባለ ባጃጁ
ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ነው የምኖረው፣ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ጥር 20 ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 3 ዓመት ይሞላናል። ሰርፕራይዝ ላደርጋት አስቤ ሁሉ ነገር ተጋጨብኝ። እሷ ነርስ ናት፤ ማክሰኞ ማታ አዳር አለባት። በዓላችን የሚውለው ረቡዕ ነው። አማቴ አብረውን ይኖራሉ፤ በጣም እወዳቸዋለሁ፣ ግን እሳቸው የሰሙትን ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።

ፋሲል መዋኛ ልወስዳት ነው ያሰብኩት። የሠርጋችንን ፎቶ የተነሳነው እዚያ፣ የዛፉ ሥር ግንቡን አቅፎ የያዘበት ጋ ነው። ከዚያስ በኋላ? ጓደኞቿን ሰብስቤ ቤት ውስጥ ብንጠብቃትስ? ከአሥር ሺህ ብር በላይ የለኝም።

የማራኪ ልጅ
ጎሃ ሆቴል ውጡ። ከዚያ ተራራ ላይ ከተማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሻይ ብቻ ብታዙም ይበቃል። ጠዋት ደግሞ ቁርሷን አልጋዋ ድረስ ውሰድላት፣ ሞቅ ያለ እንቁላል ፍርፍር።

ሲስተር
ኧረ ረቡዕ እኮ ነው! እንኳን እንቁላል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነች ውሃም አትቀምስም።

እኔም ነርስ ነኝ፤ ወንድሜ፣ ይህቺን ስማኝ። ከአዳር የወጣ ሰው ላይ ማንም «ሰርፕራይዝ!» ብሎ እንዳይጮኽ። ጠዋት ስንወጣ እግራችን አብጦ፣ ዓይናችን እየተጨፈነ ነው። ሃያ ሰው ሳሎን ውስጥ ቆሞ ቢጠብቀኝ አለቅሳለሁ፣ በደስታ ግን አይደለም። መጀመሪያ ዱቲዋን አስቀይር። አንተ አትጠይቃት። የምትቀርባት ባልደረባዋ «የዓርብ አዳሬን ያዢልኝ፣ የማክሰኞሽን እይዝልሻለሁ» ትበላት። ውለታ የዋለች መስሏት እሺ ትላለች። የክፍሉ ኃላፊ ቀድማ ትወቅ፣ አለዚያ በመጨረሻ ሰዓት ይፈርሳል። ካልሆነም መጋረጃውን ዝጋላትና እስከ ዘጠኝ ትተኛ። ለእኔ ቢሆን ከአበባው ይልቅ ይሄኛው ነው ፍቅር።

ማሲንቆ
ጎንደር ተቀምጦ ያለ አዝማሪ በዓል? አንድ ጎበዝ አዝማሪ ቤት ጥራ። ስሟን ብቻ ከነገርከው ግን ለሙሽራ ሁሉ የሚለውን ነው የሚደግምልህ። እንዴት እንደተዋወቃችሁ፣ በምን እንደምትኮራረፉ፣ አዳር ስትሆን እራት ምን እንደምትበላ ሳይቀር አውራው። ግጥሙ ከዚያ ነው የሚወጣው። ለአማትህም አንድ ስንኝ ይጣልላቸው።

ባለ ባጃጁ
ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ባልደረባዋን አናገርኳት፤ ከእኔ በላይ ጓጉታለች፤ ኃላፊዋንም እሷው ትነግራታለች። ሰው መሰብሰቡን ትቼዋለሁ። አዝማሪው ለእሁድ ይሁን፤ ጾም የለም፣ አማቴም ዶሮ ይሠራሉ። ረቡዕ ለሁለታችን ብቻ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መዋኛው፣ ከዚያ ጎሃ። በጥር ሙሽራ እንዳያጨናንቀን ፈርቼ ነበር፤ መሐል ሳምንት ስለሆነ ይሻላል መሰለኝ። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ምን ብዬ ነው ከቤት የማስወጣት? «ልብስሽን ቀይሪ» ካልኳት ወዲያው ትነቃብኛለች።

የማራኪ ልጅ
ጓደኛዬ ታመመብኝ በላት።

ሲስተር
አይሆንም! መድኃኒት ይዛ ነው የምትወጣው።

አማትህን ተጠቀምባቸው እንጂ። በማግስቱ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት። ረቡዕ ጠዋት፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ ለእሳቸው ብቻ ንገራቸው። «ዋዜማዋ ናት፣ ቁስቋም ልሳለም፣ አብረሽኝ ሂጂ» ይበሏት። የሐበሻ ቀሚሷን ራሷ ለብሳ ትወጣለች። እውነትም በባጃጅህ ወስደህ አሳልማቸው፤ ውሸት አይሆንባቸውም። ከዚያ እሳቸውን ቤት አድርሰህ፣ እሷ ስትወርድ «አንቺ ቆዪ» በላት።

ማሲንቆ
እሁድ አድራሻውን ላክልን፣ ዶሮ አለ ብለሃል።