«ተራ አሸዋ» ነው ወይስ አይደለም? ስለ ላ ፔሎሳ የተነሳ ክርክር

የሳሳሪ ነዋሪ፦ ትናንት ማታ አንዲት እህታችን በጣሊያኗ ደሴት በሰርዲኒያ፣ ስቲንቲኖ መንደር አጠገብ ስላለው የላ ፔሎሳ ባህር ዳርቻ የጻፈችውን አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ከሚላን ድረስ ልጆቿን ይዛ ስቲንቲኖ ሄዳ፣ አስቀድማ ቦታ ስላልያዘች ከመግቢያው መለሷት። ለልጆቹ አዝኛለሁ። መጨረሻ ላይ ግን «ለተራ አሸዋ ይህ ሁሉ ቁጥጥር ምንድነው?» አለች። ሰዉም ሁሉ «እውነትሽን ነው» አላት። ሰርዲኒያ ውስጥ 14 ዓመት ኖሬያለሁ። ተራ አሸዋ አይደለም። በቀን የሚገባው 1,500 ሰው ነው። ዋጋው 3 ዩሮ ከ50 ነው። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። ይህ በደል ይባላል?

የሚላን እናት፦ ያቺ እህት እኔ ነኝ። ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ መልሰህ አንብበው። ዓመቱን ሙሉ አሮጊት ሳነሳ ሳስተኛ የምኖር ባዳንቴ ነኝ። ፌሪዬ፣ የዓመት እረፍት፣ የማገኘው ነሐሴ ላይ ብቻ ነው። ከጀኖቫ ሌሊቱን ሙሉ በመርከብ ተጉዘን ነው ፖርቶ ቶሬስ የገባነው። ቤት ያከራየን ሰው በኢንተርኔት ተመዝገቡ አላለንም። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ያንን ውሃ ከመንገድ ዳር ቆማ እያየች ስታለቅስ ምን ልበላት?

ቦሎኛ ነኝ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ልክ ነሽ። በጣሊያን ሕግ ባህር ዳርቻ የሕዝብ ነው። ግን ሊዶዎቹ፣ እነዚያ የሚያስከፍሉት፣ ጃንጥላና ወንበር ደርድረው ግማሹን ይዘውታል። በነፃ የቀረችውን ደግሞ በትኬት ካደረጓት ሠራተኛው ሰው ልጆቹን የት ይውሰድ?

የሳሳሪ ነዋሪ፦ ወንድሜ፣ እሱን አልካድኩም። እኔን ያመመኝ «ተራ» የምትለዋ ቃል ናት። ተራ ብለን የጠራነውን ነገር አንጠብቀውም።

የሮም ሹፌር፦ እኔ የገጠመኝን ልናገር። ባለፈው ዓመት ገብቼ ፎጣዬን አሸዋው ላይ አነጠፍኩ። ጠባቂው መጥቶ ከሥሩ ሰሌን አድርግ አለኝ። እዚያ ፎጣ ብቻውን አይነጠፍም፣ ያስቀጣል። ተናድጄ ፎጣውን አንስቼ አራገፍኩት። የያዘውን አሸዋ ሳይ ዝም አልኩ። እንደ ዱቄት የላመ፣ ነጭ ነው። እርጥብ ፎጣ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ቢያራግፉትም፣ በእጅ መታ መታ ቢያደርጉትም አይለቅም። በአንድ ፎጣ የሚሄደው አንድ የቡና ሲኒ ይሞላል። ያንን በ1,500 ሰው፣ ከዚያ በሙቀቱ ወራት ቀን ሁሉ አባዙት።

ቦሎኛ ነኝ፦ አንድ ሲኒ! ወንድሜ፣ አሸዋውን የበላው ፎጣ አይደለም። ከዳርቻው ጀርባ ያለው መንገድ የተሠራው በአሸዋው ክምር ላይ ነው። ነፋስ አሸዋውን ወስዶ የሚመልስበትን ቦታ አስፋልት አለበሱት። አስፋልት አልባሹ ሳይጠየቅ ፎጣ አንጣፊው ለምን ይቀጣል?

የሳሳሪ ነዋሪ፦ መንገዱ ጥፋት ነው፣ እስማማለሁ። ግን ሌላም አለ። ዳርቻው ላይ የሚከመረውን ቡናማ ሣር ታውቁታላችሁ? ፖሲዶኒያ ይባላል። ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ ይጸየፈዋል። እሱ ነው በብርዱ ወራት ማዕበል ጊዜ አሸዋውን አቅፎ የሚያቆየው። ለእንግዳ እንዲያምር ሲጠረግ አሸዋው አብሮ ይሄዳል። ከዚያ የእኛ ፎጣ፣ ጫማ፣ የልጆች ባልዲ ይጨመርበታል።

የሚላን እናት፦ የእኔ ልጅ ባልዲ ሰርዲኒያን አያጠፋትም።

የሳሳሪ ነዋሪ፦ የአንቺ ልጅ አላልኩም እህቴ። ግን ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው። በ2019 ሁለት ፈረንሳዮች ፖርቶ ቶሬስ ላይ መኪናቸው ውስጥ 40 ኪሎ አሸዋ ይዘው ተገኝተዋል። በ14 የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ ከቺያ ዳርቻ የወሰዱት ነው። ለማስታወሻ ነው አሉ። አሁን በደሴቲቱ ሕግ አሸዋ የወሰደ ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ ይቀጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንላለን። እዚህ አገር ዳርቻውን ያራቆተው ያ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሆነው ነው። ቡዴሊ ደሴት ላይ ያለው ሮዝ አሸዋ ከ1994 ጀምሮ እግር አይረግጠውም። ሰው እየዘገነ ወስዶ ሊጨርሰው ነበር። ላ ፔሎሳም እንዲዘጋ ነው የምትፈልጉት?

ቦሎኛ ነኝ፦ ሌባን ከእናት ጋር አትደባልቅ። ሌባው ይቀጣ። እናት ግን በር ላይ አትቁም። ኢንተርኔት የማይችል፣ ቋንቋው የሚከብደው ሰው ስንት ነው? ቦታውን ቀድሞ የሚይዘው ማነው? ጊዜ ያለው ነው።

የሮም ሹፌር፦ እዚህ ላይ ከቦሎኛው ጋር ነኝ። ቁጥሩ ይገደብ፣ ግን ጥቂት ቦታ በዕለቱ ለሚመጣ ሰው ይተው።

የቱሪን አዛውንት፦ ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። «ተራ አሸዋ» የምትለዋ እኔንም ነክታኛለች፣ በሌላ በኩል። ላ ፔሎሳ ላይ ቆማችሁ ወደ ባህሩ ስታዩ ከፊት አሮጌው ግንብ፣ ከዚያ ትንሿ ፒያና ደሴት፣ ከኋላዋ አሲናራ አለች። በ1885 የጣሊያን መንግሥት አሲናራን ለወህኒ ቤት ሲፈልጋት ነዋሪዎቹን አስወጣ። 45 ቤተሰብ ናቸው ተሻግረው ስቲንቲኖን የመሠረቱት። ከየካቲት 12፣ 1929 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1937) እልቂት በኋላ ደግሞ የእኛ ሰዎች ወደዚያች ደሴት ተጋዙ። መኳንንት፣ ሴቶች፣ ሕፃናት። ልዕልት ሮማነወርቅ፣ የጃንሆይ ልጅ፣ ባሏ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከተገደሉ በኋላ ከልጆቿ ጋር እዚያ ታስራለች። በፈረንጅ 1940 እኔ በምኖርበት ከተማ፣ ቱሪን፣ አረፈች። ያ ውሃ የሚያምር ነው። ግን ከወዲያ ማዶ ሆነው ያዩት የእኛ ሰዎች ነበሩ።

የሚላን እናት፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን አላውቅም ነበር፤ ማንም አልነገረኝም። ግን ልጄ ያለቀሰችበት ነገር ሌላ ነው። አሁን ደግሞ በዚህ ልወቀስ ነው?

የቱሪን አዛውንት፦ አልወቀስኩሽም ልጄ። ልጆችሽን ሳትነግሪያቸው እንዳትመለሺ ብዬ ነው።

ቦሎኛ ነኝ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጉዳዩ የዳርቻው መግቢያ ነበር። አሲናራን ስናነሳ እህታችን አፏን እንድትይዝ ያደርጋታል። እስረኞቹን የማስበው እኔም ነኝ።

የሳሳሪ ነዋሪ፦ ማንም አፍሽን ያዢ አላላትም! ቀደም ብሎ «የሕዝብ ነው» ያልከው አንተ ነህ። የእኛ ሰዎች የተጋዙበትን ቦታ የሚያይ ዳርቻ ከሆነ፣ የእኛም ነው ማለት ነው። የእኛ የሆነውን ደግሞ ተራ አንለውም።

የሚላን እናት፦ እሺ፣ «ተራ» የሚለውን አንስቼዋለሁ። ተናድጄ የጻፍኩት ነው። ከመግቢያው ስለ መመለሴ ያልኩትን ግን አላነሳም። ጋሼ፣ አሲናራ ሰው ይገባል?

የቱሪን አዛውንት፦ ይገባል። ከ1997 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ናት። ከስቲንቲኖም ከፖርቶ ቶሬስም መርከብ አለ። ነጫጭ አህዮች አሏት፣ ልጆችሽ ይወዷቸዋል።

የሚላን እናት፦ የልዕልቲቱ ልጆች ስንት ዓመታቸው ነበር?

የቱሪን አዛውንት፦ ልጆች ነበሩ። ሁሉም ወደ አገር አልተመለሱም።

የሮም ሹፌር፦ በሚቀጥለው ነሐሴ ከሄድሽ ሰሌኑን እኔ እሰጥሻለሁ፣ ሁለት አለኝ። ቦታውን አስቀድመሽ ያዢ፤ ካልቻልሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ አብረን እንሞላዋለን።

ቦሎኛ ነኝ፦ ይኸው፣ የኔ ነጥብ ይሄ ነው። አንዲት እናት ባህር ለመግባት የሰው እርዳታ አስፈለጋት።

የሳሳሪ ነዋሪ፦ 1,500 ካነሰህ ስንት ይሁን ትላለህ? ቁጥር ጥራ።

ቦሎኛ ነኝ፦ ቁጥር አልጠራም። መጀመሪያ መንገዱን ያንሱ።