አያቶቻችንን በዛሬ ሚዛን መመዘን ይቻላል?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ቡና ላይ ከአጎቴ ጋር ተጨቃጨቅን። አያቴን ያሳደገቻቸው ሴት የቤቱ ባሪያ እንደነበረች እንደ ቀላል ነገር አወሩልኝ። እኔ ቡናው አልወርድ አለኝ፣ እሳቸው ግን «ዘመኑ ነው ልጄ፣ ያኔ ነውር አልነበረም» ብለው ዘጉት። እውነት ጥሩና መጥፎ እንደ ዘመኑ ይቀያየራል?

ሰፈርተኛ፦
አጎትህ ልክ ናቸው። እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ። እኛስ ብንሆን፣ ማድ ቤት የምትተኛውን ሠራተኛችንን ነገ የልጅ ልጆቻችን ሲሰሙ ምን ይሉናል?

ጥቁር ቡና፦
«ያኔ ነውር አልነበረም» የሚለው ነው የማይዋጥልኝ። ፍትሐ ነገሥትን፣ ያን የጥንቱን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ሕግ መጽሐፍ፣ አንቀጽ 31ን እዩት። ነፃነት ለሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ የተሰጠ ነው ይልና፣ ባርነትን ያመጣው ጦርነት መሆኑን ተናግሮ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ የባሪያን ሕግ ይደነግጋል! ስለዚህ ያውቁ ነበር። ቴዎድሮስም ምኒልክም የባሪያ ንግድን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ነውር ካልሆነ ምን አስከለከለው? ደግሞ «ያኔ» ስንል የማን ያኔ ነው? ሴትዮዋን ማን ጠየቃት?

ሰፈርተኛ፦
አዋጁማ ፖለቲካ ነው ወንድሜ። በ1916 የመንግሥታት ማኅበር (ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው) ለመግባት ባርነትን እናስቀራለን ብለን ቃል ገባን፣ ቁርጥ ያለው አዋጅ የወጣው ግን በ1934 ነው። ፈረንጅ ባይጫነን ኖሮ እንጃ።

ጥቁር ቡና፦
የ1916ቱስ እሺ፣ ለፈረንጅ ተብሎ ነው እንበል። ፍትሐ ነገሥቱን ማን ተጫነው? አንድ ነገር ግን ልመንልህ። ጥፋቱ ያኔም ዛሬም አንድ ነው፣ ወቀሳው ግን እኩል አይደለም። እዚያው ቤት ተወልዶ ሌላ ኑሮ አይቶ የማያውቀውን ሰው፣ ዛሬ ሁሉን እያወቀ የሠራተኛ ፓስፖርት ቀምቶ በር ከሚቆልፈው ጋር አንድ ላይ አልፈርጀውም። (አረብ አገር ሠርቼ ስለማውቅ ነው፣ ይቅርታ ነገር አበዛሁ።)

ሰፈርተኛ፦
በዚህኛው እንኳን እንስማማለን። የማድ ቤቷን ግን ዘለልካት 😄

ጠያቂው፦
አንቀጽ 31ን ለአጎቴ አነበብኩላቸው። «ካህናቱ አልነገሩንማ» አሉ። ከዚያ የሴትዮዋን ስም ጠየቅኳቸው። ብዙ አሰቡ፤ አያውቁትም።