የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ የከረመ ኮምጣጣ ቢራ ቀመስን፤ ስንት ይሰጠው?

ዓለምገናው፦

ሰላም ወገን። አንድ ክርክር አለብንና ፍቱልን።

የአጎቴ ልጅ ለፋሲካ ከቤልጅየም ሲመጣ ሁለት ጠርሙስ ቢራ ይዞ መጣ። ሮደንባክ ግራን ክሩ ይባላል። አንዱን እዚህ ዓለምገና ግቢያችን ውስጥ ከፍተን ተካፈልነው። እኔ ያደግኩት ሰበታ፣ ሜታ ፋብሪካ አካባቢ ነው። ነፋሱ ወደኛ በዞረ ቁጥር የብቅሉ ሽታ ቤት ድረስ ይገባ ነበር። ስለዚህ በቢራ ጉዳይ አፌን ሞልቼ ነው የማወራው። ይሄኛው ግን ግራ አጋባኝ።

መልኩ ወደ ቡናማ የሚወስደው ቀይ ነው። አረፋው ገና ሳንጨዋወት ጠፋ። ሽታው መጀመሪያ አቼቶ ነው፣ ቁርጥ አቼቶ። ትንሽ ቆይቶ የበሰለ ፕሪም መጣ፣ ከሥሩ ደግሞ እርጥብ እንጨት። አፍ ውስጥ ሲገባ የምላስን ጎንና ጎን ይቆነጥጣል፣ ምራቅ ያመጣል። ከዚያ ጣፈጥ ይላል። ከተዋጠ በኋላ ድድ ላይ ቅጠሉ እንደበዛበት ሻይ ያዝ ያደርጋል።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። የአጎቴ ልጅ ከ10 9 ሰጠው። ጓደኛዬ 2። «ጠላው ኮመጠጠ ብለን የደፋነው ይሄን ነው፣ ፈረንጅ ጠርሙስ ውስጥ ከቶ መልሶ ሸጠልን» አለ። እኔ ስጀምር 4 ብዬ ነበር፣ ብርጭቆው ሲገባደድ 7 ደርሻለሁ። ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ሁለት ጊዜ ፉት አሉና «አልተበላሸም። የተበላሸ ጠላ ጉሮሮ ላይ ይንጠለጠላል፣ ይሄ ይወርዳል» ብለው ብርጭቆውን መለሱ። ነጥብ ስጡ ብንላቸው ሳቁብን።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲኮመጥጥ ተብሎ የተሠራን ነገር ኮመጠጠ ብሎ ነጥብ መቀነስ ያስኬዳል? ወይስ የራሱ መለኪያ አለው? ሁለተኛው ጠርሙስ አልተከፈተም። እሱን በወጉ ልንቀምሰው ነው።

ድራፍት ብቻ፦

2 የሰጠው ጓደኛህ ይመቸው። ቢራ ማለት ፀሐይ ሲያቃጥል፣ ከቁርጥ ጋር፣ ቀዝቃዛ ድራፍት ነው። ፊት እያጨማደዱ የሚጠጣ ነገር መድኃኒት ነው። ሁለተኛውን ጠርሙስ አዚፋ ላይ ጨምቁት።

ጋሽ ብቅል፦

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ቢራ ፋብሪካ፣ ፈርመንቴሽን (ቢራው በእርሾ የሚፈላበት) ክፍል ነው የሠራሁት። አሁን ገላን ነው ያለሁት።

ጓደኛህን አትፍረድበት። እኛ ሥራ ላይ ኮምጣጣ ቢራ ማለት ጥፋት ነው። ላክቶባሲለስ የምትባለዋ ባክቴሪያ ታንክ ውስጥ ከገባች ያ ሁሉ ቢራ ፍሳሽ ይሆናል። ለዚህ ነው ቱቦው ሁሉ በኬሚካል ሲታጠብ የሚውለው። የሮደንባክ ሰዎች ግን በዚያችው ባክቴሪያ ላይ በር አይዘጉም። ቢራው መጀመሪያ በወጉ ይፈላል። ከዚያ ትልልቅ የኦክ በርሜሎች ውስጥ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ይተኛል። በርሜል ስልህ ተሸክመህ የምታወጣው እንዳይመስልህ። ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመ፣ አንዳንዱ በአሥር ሺዎች ሊትር የሚይዝ ነው። ግራን ክሩ ማለት ሁለት ሦስተኛው ይሄ የከረመው፣ አንድ ሦስተኛው አዲስ ቢራ ሆኖ ሲቀላቀል ነው። አልኮሉ 6 በመቶ ነው። ጣፈጥ ያለህ ከአዲሱ የመጣው ነው፣ የከረመውን ያለዝበዋል።

የበርሜሉ ትልቅነት ዝም ብሎ ለጉራ አይደለም። እዚህ ቢራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኮምጣጣ አለ። አንዱ ላክቲክ አሲድ ነው፣ እርጎ ውስጥ ያለው፣ ለስላሳው። ሁለተኛው አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አቼቶው ነው። አቼቶውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ያለ አየር አይሠሩም። እንጨት ደግሞ ቀስ እያለ አየር ያስገባል። ወይን የሚቀመጥበት ባለ 225 ሊትሩ በርሜል ከሚይዘው ፈሳሽ አንፃር የሚነካው እንጨት ብዙ ስለሆነ አየሩም ይበዛበታል። ትልቁ በርሜል ውስጥ ግን ለአንድ ሊትር የሚደርሰው አየር ጥቂት ነው። ስለዚህ አቼቶው ይኖራል፣ ግን አይነግሥም። ጋኑ ሲከፈት ሲዘጋ የዋለ ጠላ ቶሎ የሚኮመጥጠውም በዚሁ በአየሩ ነው። እትዬ ያሉትን ልብ በል። አቼቶ ሲበዛ ጉሮሮ ይይዛል። አንድ ቃል ሳይበዛ ተናግረውታል። ከሁላችሁም በላይ የቀመሱት እሳቸው ናቸው።

ወደ ነጥቡ። አሜሪካ ውስጥ ቢጄሲፒ የሚባል የቢራ ዳኞች ድርጅት አለ። የሚዳኙት ከ50 ነው፦ ሽታ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ያለው ስሜት 5፣ አጠቃላይ 10። ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወደድኩት ወይ» ብሎ አይደለም። ይሄ ቢራ መሆን የነበረበትን ሆኗል ወይ ነው። ይሄኛው ዓይነት የፍላንደርስ ቀይ ቢራ ይባላል፣ መኮምጠጡ መታወቂያው ነው። መኮምጠጡ ሌላውን ሁሉ ከዋጠው ቀንስ። ፕሪሙና እንጨቱ ከሥሩ እየመጡ ከሆነ አትቀንስ። አረፋው ጠፋ ብለህም ብዙ አትጨነቅ። መልክ ጠቅላላው 3 ነጥብ ነው፣ ብርጭቆአችሁም ቅባት ነክቶት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛውን ስትከፍቱ ከፍሪጅ እንደወጣ አትቅዱት። ቅዝቃዜ ሽታውን ይቆልፈዋል። ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። ከዳጣና ከቃሪያ በኋላ አትቅመሱ። የመጀመሪያውን ጉንጭ አትቁጠሩት፣ ምላስ አሲዱን እስኪለምድ ነው። አንተም ከ4 ወደ 7 የወጣኸው ለዚህ ነው። ደግሞ ሁሉም ነጥቡን ወረቀት ላይ ሳይጽፍ ማንም አፉን አይክፈት። ከቤልጅየም የመጣው ቀድሞ 9 ካለ ግማሹ ሰው ያፍራል፣ ግማሹ እልህ ይይዘዋል።

ብራስልስ ነኝ፦

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ለሮደንባክ 2 ከሰጠ እዚህ መጥቶ ካንቲዮን ቢቀምስ ፖሊስ ይጠራል! ካንቲዮን እ.ኤ.አ. በ1900 የተቋቋመ፣ እዚሁ ብራስልስ፣ አንደርሌክት ውስጥ ያለ የቢራ መጥመቂያ ቤት ነው። ሮደንባክ የሚያለዝበው አዲስ ቢራ አለው፣ እነዚህ ምሕረት የላቸውም። ላምቢክ ነው የሚሠሩት። እርሾ አይጨምሩም። የተቀቀለውን የብቅልና የስንዴ ውሃ ጣሪያ ሥር ሰፊ የመዳብ ገንዳ ላይ ያሰጡትና ሌሊቱን በአየር ያድራል። ከአየርና ከቤቱ የሚመጣው እርሾ ነው የሚያፈላው። በሙቀት ወራት አይጠመቅም፣ የማይፈለገው ባክቴሪያ ይበዛል። ከዚያ በርሜል ውስጥ ይከርምና የ1፣ የ2 እና የ3 ዓመቱ ሲደባለቅ ጌውዝ ይሆናል። ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ይፈላል።

ላምቢክ ላይ ሰዎች «የፈረስ ኮርቻ» የሚሉት ሽታ አለ። ብሬታኖማይሲስ ከሚባል እርሾ ነው የሚመጣው። እኔ መጀመሪያ የሸተተኝ ቀን ብርጭቆው አልታጠበም ብዬ ተመልክቼዋለሁ። አሁን ካጣሁት ይጎድለኛል።

ለግራን ክሩ የኔ ከ10 8 ነው። 2 የቀነስኩት ስለኮመጠጠ ሳይሆን መጨረሻው ላይ ስለሚጣፍጠኝ ነው። እኔ ደረቅ ነው የምወደው። አንድ ነገር ስሙኝ፦ ከለብለብ ክትፎና ከአይብ ጋር ሞክሩት። ቅቤውን ቆርጦ ያወርደዋል። ለዚህ ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ ስለሌለ ነው እንጂ 10 ነበር።

ዓለምገናው፦

ጋሽዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎም የብራስልሷ እህቴ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ጓደኛዬ «የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተኝ» ብሎ ነበር። እኔ ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት። እንደዚህ ሊሸት ይችላል? ሁለተኛውን ጠርሙስስ እስከ ሠርጉ ድረስ ባቆየው ይበላሻል? ታላቅ እህቴ ከክረምት በኋላ ነው የምታገባው።

ጋሽ ብቅል፦

አፍንጫው ደህና ነው፣ አትስደበው። ኢታይል አሴቴት ነው። አልኮሉና አሴቲክ አሲዱ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ጭል ጭል ካለ ፍራፍሬ ይመስላል፣ በዚህ ዓይነት ቢራ የሚጠበቅ ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት ቀድሞ እሱ ከመጣ ግን ከሽታም ከጣዕምም ቀንስ። ጉድለት ነው።

ለሠርጉ ምንም አይሆንም። እንዲህ ያለ ቢራ አሲዱ ራሱ ይጠብቀዋል። አቁመህ አስቀምጠው፣ ብርሃን አይንካው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁም ሳጥን አናት ላይ እንዳታወጣው፣ ቀን ቀን ይቀቀላል። ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ አልጋ ሥር ይበቃዋል።

ድራፍት ብቻ፦

ለሠርግ አንድ ጠርሙስ? ሙሽራው ብቻውን ሊኮመጥጥ ነው?

ዓለምገናው፦

ሃሃ፣ ሠርጉ ላይ ጠላውን እትዬ ናቸው የሚጠምቁት፣ አትስጋ። ጠርሙሱ ከድግሱ ማግስት ለእኛ ነው።

የጋሽዬን መለኪያ ወስደን ባለፈው የሰጠነውን ነጥብ እንደገና አሰላነው። የኔ ሽታ 9፣ መልክ 2፣ ጣዕም 15፣ አፍ ውስጥ 4፣ አጠቃላይ 7፣ ድምር 37። የአጎቴ ልጅ 44 አለ፣ ከ9 ብዙም አልወረደም። ጓደኛዬ ደግሞ መልክ ላይ ሦስቱንም ሰጠው፣ «ቀለሙ ያምራል፣ አልዋሽም» ብሎ። ከሌላው ሁሉ ተሰብስቦ ግን የደረሰው 11 ነው። እትዬ አሁንም ነጥብ አልሰጡም። የኦክ እንጨቱን ነው የጠየቁኝ፣ እንደ ወይራ ይታጠናል ወይ ብለው። ጋሽዬ፣ ይታጠናል?

ጋሽ ብቅል፦

አይታጠንም። የበርሜሉን ጣውላ ለማጉበጥ በእሳት ያሞቁታል፣ የወይን በርሜል ከሆነ ውስጡን ጠበስ ያደርጉታል። እንደ ወይራው ጢስ ግን አይታፈንበትም። የእሳቸው ጋን ጠረን ለብቻው ነው ብለህ ንገራቸው።