የሥራ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ውስጡን የምታውቁ ምከሩኝ

ከዳላስ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ሶፍትዌር ተምሬ፣ እዚህ ማስተርሴን ጨርሻለሁ። አሁን ኦፒቲ (ተማሪ ከተመረቀ በኋላ የሚሰጠው ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ) ላይ ነኝ። ከአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የሥራ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጅማ ቤተሰብ ሊደግስ ነው። እናንተ ውስጡን የምታውቁት፣ ነገሩ እንዴት ነው?

ከሲያትል፣ ለጊዜው ጅማ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ድግሱ ይገባሻል። ደብዳቤው ላይ ያለውን ትልቁን የክፍያ ቁጥር ግን ለቤተሰብ አትንገሪ። ከዚያ ውስጥ ብዙው አክሲዮን ሊሆን ይችላል። አክሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው። የመጀመሪያው ድርሻም ብዙ ቦታ ዓመት ሳይሞላሽ አይለቀቅም። በ11ኛው ወር ብትወጪ ባዶ እጅሽን ነው። ሲለቀቅም እንደ ደመወዝ ግብር ይቆረጥበታል። ኑሮሽን በደመወዙ ብቻ ለኪ።

ቀጥሎ ወረቀቱ። ኦፒቲ 12 ወር ነው፤ በእኛ ሙያ 24 ወር ይጨመርበታል። ከዚያ የኤች ዋን ቢ፣ ማለትም በቀጣሪ በኩል የሚገኘው የሥራ ቪዛ፣ ዕጣ ነው፤ ኮታው በዓመት 85 ሺህ። ዕጣው ወጥቶልሽም ሥራ ካጣሽ፣ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ያለሽ ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ ሜታ 11 ሺህ፣ ጉግል 12 ሺህ፣ አማዞን 18 ሺህ ሠራተኛ እንቀንሳለን ሲሉ፣ በዲቪ የመጣነው ስለ ሥራችን ተጨነቅን። በቪዛ የነበሩት ደግሞ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ጭምር። እኛ ጋ አንዱ ባልደረባዬ ጠዋት ላፕቶፑን ቢከፍት አላስገባ አለው። የይለፍ ቃሉን የረሳ መስሎት ደጋግሞ ሞከረ። የስንብት ደብዳቤው ለካ በግል ኢሜይሉ መጥቷል። ስለዚህ ግሪን ካርድ መቼ እንደሚጀምሩልሽ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ።

ማንም የማይነግርሽ ግን የሥራ አፈጻጸም ግምገማው ነው። የሠራሽውን ራስሽ ጽፈሽ ታስገቢያለሽ። እኛ ደግሞ ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሥራዬ ይናገራል ትያለሽ። አይናገርም! አንድ የአገራችን ልጅ ሌሊት ተረኛ ሆኖ፣ የወደቀውን የክፍያ ሲስተም ብቻውን ሲያነሳ አደረ። ግምገማው ላይ «ቡድኑ ችግሩን ፈታ» ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ብቻ የተገኘው ሰውዬ ሙሉ ገጽ ጻፈበት። እድገቱ ለማን እንደደረሰ ልንገርሽ? ዓርብ ዓርብ ምን ተበላሸ፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ ምን ተለወጠ ብለሽ ጻፊ። «ገጹ በ4 ሰከንድ ይከፈት ነበር፣ አሁን በ1» ዓይነት። ጉራ ከመሰለሽ እንደ ዕቁብ መዝገብ ቁጠሪው፤ ያልተጻፈ አልተከፈለም።

ጥሩም አለው። ኩባንያው ለጥቂት ሳምንት ፈቅዶልኝ ፈረንጅ አራዳ እናቴ ቤት ሆኜ እየሠራሁ ነው። አሁን በክረምቱ የሲያትል ጠዋት 3 ሰዓት እዚህ ምሽት 1 ሰዓት ነው። መብራት ሲጠፋ በስልክ ዳታ እቀጥላለሁ። ቀን ቀን ቡና ስጠጣ ያዩኝ ጎረቤቶች ግን ተባሮ ነው የመጣው ማለት ጀምረዋል።

ከቶሮንቶ፦
ኧረ ወንድሜ፣ ልጅቷን አታስፈራራት። ታናሽ እህቴ ነርስ ናት። ልጇ ሲታመም ፈረቃ የሚቀይራት ፍለጋ ስትደዋወል ትውላለች። እኔ ልጄን አቅፌ እቤት እሠራለሁ። ጅማ ሄርማታ ያለው ቤታችን ጣሪያም የተቀየረው በዚሁ ደመወዝ ነው።

ዋናው አለቃሽ ነው። ከመፈረምሽ በፊት ከምትገቢበት ቡድን አንድ ሰው አገናኙኝ በያቸው። ተረኝነቱ በስንት ሳምንት እንደሚደርስሽም ጠይቂ። በየሦስት ሳምንቱ ካሉሽ ሰው የላቸውም ማለት ነው፤ እንቅልፍሽን ተሰናበችው። እኔ እንደዚያ ያለ ቡድን ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። ቡድን ስቀይር ተወኝ።

ከዳላስ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ስለ ግሪን ካርዱና ስለ ተረኝነቱ ነገ እጽፍላቸዋለሁ። ቁጥሩን ግን ነግሬያቸዋለሁ እኮ! አጎቴ ባጃጅ እያማረጠ ነው አሉ።

ከሲያትል፣ ለጊዜው ጅማ፦
በይ ቶሎ ደውዪለት። ባጃጁ ዓመት ይሙላሽና።