የ65/66ቱን የወሎ ረሃብ ከሽማግሌዎች ስንቀዳ ዘመኑን እንዴት እንለይ?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴና ሐይቅ ዙሪያ የድርቁን፣ የኑሮውንና የትምህርት መቋረጡን ታሪክ በድምፅ እየሰበሰብን ነው። ችግሩ ዘመኑ ይምታታል፤ አንዳንዱ «በ66» ብሎ የሚያወራው ስለ 77ቱ ይሆናል። የእህል ዋጋ ሲጠየቁም መልሱ «ርካሽ ነበር» ብቻ ነው። ምን ብለን እንጠይቅ?

ወሎዬው፦
ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። «በዚያን ጊዜ ለባለመሬት እህል ትሰፍሩ ነበር?» በሏቸው። አዎ ካሉ 65/66 ነው፤ የመሬት ለአራሹ አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነውና። የገበሬ ማኅበርና ወደ ወለጋና ኢሉባቦር ሰፈራ ከተነሳ ግን 77 ነው። ሌላው ምልክት ወደ ገጠር የዘመቱት ተማሪዎች ናቸው፤ የእድገት በሕብረት ዘመቻ የተጀመረው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ነውና ዘማች ከተነሳ ወሬው ከ66 በኋላ ነው።

ከፈረንጅ ጽሑፍ ጋር ስታመሳክሩ ተጠንቀቁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይጨመራል። ጥቅምት 1966 በእነሱ 1973 ነው፣ የካቲት 1966 ግን 1974።

የመርሳዋ፦
ዋጋን በብር አትጠይቁ፣ በከብት ጠይቁ። «አንድ በሬ ተሽጦ ስንት ቁና ማሽላ ይገዛ ነበር? ድርቁ ሳይገባስ?» ረሃብን ያጠናው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን እንዳሳየው በ1965 የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይወጣ ነበር። ሰው ያለቀው መግዣ አጥቶ ነው። ማሳው ከሸፈ፣ ከብቱ ከሳና ረከሰ። «ርካሽ ነበር» የሚሉት አልተሳሳቱም፣ እባካችሁ አታርሟቸው።

ቁና ከቦታ ቦታ ይለያያል። አሮጌው ቁና ቤት ካለ በዚያው እህል ሙሉትና በኪሎ መዝኑት፤ ተቆልሎ ይሁን አፉ ተስተካክሎ ይሰፈር እንደነበርም ጻፉ። ያለዚያ የሁለት መንደር ቁጥር አይወዳደርም።

አራዳ ገበያ፦
ስለ ትምህርት ቤቱ ልጨምር። «ተዘጋ» ሲሉ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን በትምህርት ማሻሻያ ጥናቱ ምክንያት፣ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት ሥራ አቆሙ። በ1967 ደግሞ ከፍተኛዎቹ ክፍሎች የተራቆቱት ተማሪው ስለዘመተ ነው። ሁለቱ በአንድ ፋይል ከገቡ መለየት ያስቸግራል። ረሃቡ ከየካቲቱ ግርግር ጋር ታወቀ የሚባለውም ልክ አይደለም፤ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸው ፎቶዎች በ1965 በልግ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ታይተው ተማሪውን አስነስተዋል።

ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ቀኑንና ቦታውን መጀመሪያ በድምፅ ተናገሩ፣ በዚያው ቀን ሁለት ቦታ ገልብጡ። ወሬው ወደ ቀይ ሽብር ከዞረ መቅጃውን አቁማችሁ ፈቃድ እንደገና ጠይቁ፤ እገሌ አስገደለ የተባለ ሰው ስም ለሌላ ጆሮ መድረስ የለበትም፣ ቤተሰቡ እዚያው ሰፈር ይኖር ይሆናል።